የአናባቢ ርዝመት፦ ጋሞኛ ተናጋሪው ጀርመንኛ ሲጀምር



ለጀማሪ የኮሌጅ ተማሪዎች የጀርመንኛን አነባበብ ሳስተምር ለዓመታት «የአፍ መፍቻ ቋንቋችሁን ከደጅ ትታችሁ ግቡ» እል ነበር። ስሕተቴን የተረዳሁት በአናባቢ ርዝመት ነው።

በጀርመንኛ «ሽታት» ከተማ ነው፤ አናባቢው ረዝሞ «ሽታኣት» ሲባል ግን ሀገረ መንግሥት ይሆናል። አማርኛ ትርጉም የሚለየው አናባቢን በማስረዘም ሳይሆን ተነባቢን በማጥበቅ ነው፤ «ገና» ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ያመለክታል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው መካከል ማለት የሆነውን «ሚተ» በሁለት «ት» ተጽፎ ሲያይ ያጠብቀዋል። በጀርመንኛ አጻጻፍ ግን የተደገመው ተነባቢ የሚጠቁመው ከእርሱ በፊት ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ነው። አናባቢው ከረዘመ ቃሉ ኪራይ ማለት ይሆናል።

ከጋሞ ደጋ የመጣው ተማሪ ይህን ልዩነት ከቤቱ ይዞት ይመጣል። ጋሞኛ በአናባቢ ርዝመት ትርጉም ይለያል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ረጅሙ አናባቢ ይደገማል፤ ልክ በጀርመንኛው «ሽታኣት» እንደምናየው። ጋሞኛም ተነባቢ ስለሚያጠብቅ፣ ለዚህ ተማሪ የሚቀረው ማላላትን መልመድ ነው።

ስለዚህ ዛሬ በመጀመሪያው ሳምንት ጋሞኛ ተናጋሪዎች ከቋንቋቸው ጥንድ ቃላት ያሰማሉ፤ ሌሎቹ አጭሩን ከረጅሙ በጆሯቸው ይለያሉ። ጀርመንኛው ከዚያ በኋላ ይከተላል።