ከፋርማሲ በኩፖን ሲገዙ ዶላሩ የሚተርፈው የት ላይ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ሲቪኤስ የሚባለው ፋርማሲ ገብተው አንድ ሳሙና ቢገዙ እንኳ ደረሰኙ ከክንድዎ ሊረዝም ይችላል። ብዙ ሰው ጨምድዶ በር ላይ ይጥለዋል። እርስዎ ግን ከመጣልዎ በፊት የታችኛውን ክፍል ያንብቡት። እዚያ የታተመው በሚቀጥለው ግዢ ዋጋ የሚቀንስልዎ ኩፖን ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋው እንነጋገር። እንደ ሲቪኤስና ዎልግሪንስ ያሉ ፋርማሲዎች መድኃኒት የሚሰጡት ከኋላ ነው። ፊት ለፊት የተደረደረው ሻምፑ፣ ዳይፐር፣ ሎሽንና ቫይታሚን ነው። ይህ ዕቃ በመደበኛ ዋጋው ሲሸጥ አብዛኛውን ጊዜ ከዎልማርት ወይም ከኮስትኮ ይወደዳል። ስለዚህ ያለ ቅናሽ ከዚህ መግዛት አያዋጣም። የሚያዋጣው ሴል፣ ኩፖንና ተመላሽ ሲገጣጠሙ ነው።

ተመላሹ የሚሰጠው ለአባላት ነው። አባል ለመሆን ምን ያስፈልጋል? ስልክ ቁጥርዎን መስጠት ብቻ። የሲቪኤስ አባልነት ኤክስትራኬር ይባላል፣ በነጻ ነው። ከአብዛኛው ግዢ 2 ፐርሰንት ይመልስልዎታል። የዎልግሪንስ ማይዎልግሪንስ ከ2020 ጀምሮ ያለ ነው። በአብዛኛው ግዢ 1 ፐርሰንት፣ በራሱ ስም በሚሸጠው ዕቃ 5 ፐርሰንት ይሰጣል። እውነቱን ለመናገር ይህ ትንሽ ነው፤ መቶ ዶላር አውጥተው ሁለት ዶላር ማግኘት ማለት ነው። ዋናው ጥቅም በየሳምንቱ በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚወጣው ተመላሽ ነው።

የሲቪኤስን እንውሰድ። ተመላሹ ኤክስትራባክስ ይባላል፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ብቻ እንደ ገንዘብ የሚሠራ ማለት ነው። እንበል አንድ ሻምፑ 6 ዶላር ነው፤ የሳምንቱ ማስታወቂያ ደግሞ ሁለት ለገዛ 4 ዶላር ኤክስትራባክስ ይሰጣል ይላል። የሲቪኤስ አፕ ላይ የሻምፑው ፋብሪካ ያወጣው የ2 ዶላር ኩፖን አገኙ። የሁለቱ ዋጋ 12 ዶላር ነው፣ 2 ሲቀነስ 10 ይከፍላሉ። የ4 ዶላሩ ኤክስትራባክስ ከከፈሉ በኋላ ይመጣል።

ታዲያ ሻምፑዎቹ ስንት ወጡ? በሚቀጥለው ሳምንት በዚያ 4 ዶላር ድሮም የሚገዙትን ዳይፐር ከገዙበት፣ ሁለቱ ሻምፑ 6 ዶላር ወጣባቸው። ቀኑ ካለፈበት ግን 10 ዶላር ነው። ያው ሻምፑ ሌላ ሱቅ ሁለቱ በ8 ዶላር ይሸጥ ከነበረ ደግሞ ከስረዋል። ሱቁ የሚያተርፈው ተረስቶ ቀኑ ከሚያልፍበት ተመላሽ ጭምር ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ወይም አፑ ላይ የሚያበቃበትን ቀን ይዩ፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር ገደማ ነው። መልስም አይሰጥበትም። የ4 ዶላሩን በ3 ዶላር ዕቃ ላይ ካዋሉት አንዱ ዶላር ቀረ።

ሁለት ኩፖን በአንድ ዕቃ ላይ ይሠራል? አንዱ የፋብሪካው፣ ሌላው የሱቁ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ሁለት የፋብሪካ ኩፖን ግን አይሆንም። አንዳንድ እናቶችና አባቶች ኩፖን ማውጣት ያሳፍራቸዋል፣ ካሸሩን ያስቸገሩ ይመስላቸዋል። የፋብሪካውን ኩፖን ሱቁ መልሶ ይልከዋል፤ ፋብሪካውም ሙሉውን ገንዘብ፣ ከዚያም ላይ ለድካሙ ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ ይከፍለዋል። ማንንም አልበደሉም። በዚሁ ምክንያት በብዙ ስቴቶች ታክስ የሚሰላው የፋብሪካው ኩፖን ከመቀነሱ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው። ደረሰኙ ላይ ታክሱ ከፍ ብሎ ካዩት አይደናገጡ።

አባልነቱ በነጻ ነው ሲባል ምንም አይከፈልበትም ማለት አይደለም። ምን እንደገዙ፣ መቼ እንደገዙ ሱቆቹ ይመዘግባሉ፤ በዚያ ላይ ተመሥርተው የሚያማልልዎትን ኩፖን ይልካሉ። ከነጻው ሌላ ኤክስትራኬር ፕላስ የሚባል አለ፣ በወር 5 ዶላር ያስከፍላል፤ በወር የ10 ዶላር ተመላሽ ይሰጣል። በየወሩ ከሲቪኤስ የሚገዙት ነገር ከሌለ ግን ባይገቡበት ይሻላል።

ተመላሽ ማጠራቀምም አልመክርም። ራይት ኤይድ የሚባለው ትልቅ የፋርማሲ ድርጅት በ2025 ሱቆቹን በሙሉ ዘጋ፤ የስጦታ ካርዶቹን መቀበል ያቆመው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ያገኙትን ቶሎ ይጠቀሙበት።

ኩፖን ፍለጋ ጊዜ ከሌለዎት በሱቁ ስም የሚሸጠውን ዕቃ ይመልከቱ። ታይለኖል ውስጥ ያለው መድኃኒት አሴታሚኖፌን ነው፤ አገር ቤት ፓራሲታሞል የምንለው ማለት ነው። የሱቁን ጠርሙስ አዙረው ጀርባውን ያንብቡ። የመድኃኒቱ ስምና ሚሊግራሙ አንድ ከሆነ፣ ርካሹን ያንሱ።

ወደ አገር ቤት ሊሄዱ ሻንጣ ለሚያዘጋጁም አንድ ነገር ልንገር። ቫይታሚን ላይ «አንድ ሲገዙ አንድ በነጻ» የሚለው ቅናሽ ደጋግሞ ስለሚወጣ፣ ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብለው ይጠብቁት። ሁለቱንም ጠርሙስ ገልብጠው የሚያበቃበትን ቀን ይዩ። አገር ቤት ለወራት የሚቀመጥ ነው።

በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ሌላ ነው። በኤክስትራባክስ ሊከፍሉት አይችሉም። እንደ ጉድአርኤክስ ያለ የነጻ ቅናሽ ኩፖን ግን አለ፤ ከኢንሹራንስ ጋር አብሮ አይሠራም፣ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ። ፋርማሲስቱን «በኢንሹራንሴ ስንት ነው? በዚህስ?» ብለው ይጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ በኩፖኑ ይረክሳል። ነገር ግን በኩፖን የከፈሉት ከዲዳክቲብልዎ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስዎ ከሚያወጡት ድርሻ፣ ላይቆጠርልዎ ይችላል። በዓመቱ ውስጥ ብዙ ሕክምና ካለብዎት መጀመሪያ ኢንሹራንሱ ጋ ደውለው ያረጋግጡ።