መድኃኒቱን የለመደው ሰውነታችን ሳይሆን ጀርሙ ነው



ውድ አድማጮቻችን፣ ሰዎች ስለ ሕመማቸው ሲያወጉ «ይህ ካፕሱል እኔ ላይ አይሠራም፤ ሰውነቴ ለምዶታል» ሲሉ እንሰማለን። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ጸረ-ባክቴሪያ መድኃኒትን የሚለምደው ሰውነታችን ሳይሆን በውስጣችን ያለው ባክቴሪያ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። ለማጁ ሰውነት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በአንድ ሰው ላይ ባበቃ ነበር። ባክቴሪያ ግን ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ይባስ ብሎም መድኃኒቱን የሚያመልጥበትን ብልሃት የእርሱ ዘር ላልሆነ ሌላ ባክቴሪያ ያካፍላል። ዛሬ የምናተኩረው በዚህ በመጨረሻው ጉዳይ ላይ ነው።

ይህ ነገር በግልጽ የታወቀው በጃፓን ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዚያ አገር ሺጌላ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ተስፋፍቶ ነበር። ሐኪሞች በሰልፋ መድኃኒቶች ማከም ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆይ አብዛኛው ሺጌላ ሰልፋን ተቋቋመ። ስለዚህ ፊታቸውን ወደ ስትሬፕቶማይሲን፣ ቴትራሳይክሊንና ክሎራምፌኒኮል አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1955 ከሆንግ ኮንግ በተመለሰች አንዲት ጃፓናዊት ላይ የተገኘው ሺጌላ ግን አራቱንም መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታትም እንዲህ ዓይነቱ ሺጌላ እየበዛ ሄደ።

ይህ ተመራማሪዎቹን ግራ አጋባቸው። ባክቴሪያ ሲራባ በዘረ-መሉ ላይ አልፎ አልፎ ለውጥ ይከሰታል፤ ከብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች አንዱ በዚህ መንገድ አንድ መድኃኒት ሊቋቋም ይችላል። አራት ለውጦች በአንድ ባክቴሪያ ላይ በአንድ ጊዜ መገጣጠማቸው ግን የማይታሰብ ነው። ሌላም አስገራሚ ነገር ነበር። በእነዚሁ በሽተኞች አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ-ኮላይም እነዚያኑ አራት መድኃኒቶች ይቋቋም ነበር። ኢ-ኮላይ በእያንዳንዳችን አንጀት ውስጥ አለ፤ አብዛኛው ዓይነቱም ጉዳት አያደርስም።

እ.ኤ.አ. በ1959 ኦቺያይና አኪባ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን የየራሳቸውን ቡድን ይዘው አንድ ዓይነት ሙከራ አደረጉ። መድኃኒት የሚቋቋመውን ኢ-ኮላይ መድኃኒት ከሚገድለው ሺጌላ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ቀላቀሉ። ከዚያ የወጣው ሺጌላ አራቱንም መድኃኒቶች የሚቋቋም ሆነ። ኢ-ኮላዩ ያደገበትን ፈሳሽ አጣርቶ ብቻውን መስጠት ግን አልሠራም። ሁለቱ በሕይወት እያሉ መነካካት ነበረባቸው።

ለመሆኑ ምን ተሰጣጡ? ባክቴሪያ ከዋናው ዘረ-መሉ ሌላ ፕላስሚድ የሚባል ቀለበት መሰል ትንሽ ተጨማሪ ዘረ-መል ሊኖረው ይችላል። በዚያ ላይ የመድኃኒት ማክሸፊያው አሠራር «ተጽፏል»። አንዱ ዘረ-መል ፔኒሲሊንን የሚቆርጥ ኢንዛይም ያሠራል፤ ሌላው ቴትራሳይክሊንን እንደ ፓምፕ ወደ ውጭ ያስወጣል። ሁለት ባክቴሪያዎች ሲገናኙ ሰጪው የፕላስሚዱን ቅጂ ለተቀባዩ ያሳልፋል። ደረሳ ከሌላ መንደር ደረሳ ኪታብ ሲገለብጥ ዋናው በባለቤቱ እጅ እንደሚቀር ሁሉ፣ ሰጪውም የሚያጣው የለም። አንድ ፕላስሚድ ብዙ ዘረ-መሎችን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ አራት መድኃኒት መቋቋም በአንድ ግንኙነት ይተላለፋል ማለት ነው። (ባክቴሪያ ከሞተ ባክቴሪያ የተበተነ ዘረ-መል የሚወስድበት፣ ቫይረስም አመላላሽ የሚሆንበት መንገድ አለ፤ ጊዜ ስለሌለን እናልፈዋለን።)

አሁን ወደ ቤታችን እንምለስ። ልጁ ጉንፋን ይዞታል እንበል። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ ጸረ-ባክቴሪያ መድኃኒት አይነካውም። እናት ግን ከባለፈው የተረፈውን፣ ወይም ከጎረቤት የተገኘውን አሞክሳሲሊን ትሰጠዋለች። ሦስት ቀን ቆይቶ ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ይለቀዋል፤ ምስጋናው ለካፕሱሉ ይሆናል። በአንጀቱ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ተፈጽሟል። መድኃኒቱ የሚገድላቸው ባክቴሪያዎች አልቀው፣ የሚቋቋሙት በባዶው ስፍራ ተባዝተዋል። ልጁ አይታመምም፤ ማንም ምንም አያይም። ከወራት በኋላ በተበከለ ውሃ ሺጌላ ቢገባበት ግን፣ ከእነዚያው ጉዳት የለሽ ጎረቤቶች የተዘጋጀ ፕላስሚድ ሊያገኝ ይችላል። ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስም፣ ቆዳችን ላይ ባሉት ባክቴሪያዎች ዘንድ ያንኑ መዘዝ ያመጣል።

ስለ እንስሳትም አንድ ነገር ልበል። ኮሊስቲን የቆየ መድኃኒት ነው፤ ሐኪሞች ሌላው ሁሉ ሲያቅት የሚጠቀሙበት። በቻይና ግን እንስሳት ቶሎ እንዲያድጉ በመኖ ውስጥ ይጨመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ ዘረ-መል በፕላስሚድ ላይ ሆኖ በአሳማዎች ኢ-ኮላይ ውስጥ መገኘቱ ይፋ ሆነ። «እኛን አሳማ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ዘረ-መሉ ግን ለገበያ በቀረበ የዶሮ ሥጋ ላይም፣ በሆስፒታል በተኙ በሽተኞች ላይም ተገኝቷል። ኋላም በብዙ አገሮች ታየ።

ውድ አድማጮች፣ ልጆች ውሃ የሚመስል ተቅማጥ ሲይዛቸው ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልጋቸው በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. እና ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ ዚንክ ነው፤ የሚጠባም ጡቱ አይቋረጥበት። ደም ከታየበት ግን በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የትኛው መድኃኒት፣ ለስንት ቀን የሚለውን ሐኪሙ ይወስን፤ የታዘዘውንም ለሌላ ልጅ አታካፍሉት።

«አንዴ ከተበላሸ በኋላ መጠንቀቅ ምን ይጠቅማል?» ለሚል ደግሞ የቻይናው ነገር መልስ አለው። ፕላስሚድ ተሸክሞ መኖር ለባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ሸክም ነው፤ መድኃኒቱ በሌለበት ሸክም የሌለባቸው ይቀድሙታል። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ኮሊስቲንን ለማሳደጊያ ከመኖ ውስጥ አስወጣ። በተከታዮቹ ዓመታት በተደረገ ጥናት፣ ያ ዘረ-መል ያለበት ኢ-ኮላይ በአሳማዎቹም በሰዎቹም ዘንድ ቀንሶ ተገኘ።