ከበረራ በፊት የሚጠጣ መጠጥ ምን ያስከትላል?

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በረራ እየተጠባበቁ ምግብና ቢራ የሚያዝዙ መንገደኞችን ማየት የተለመደ ነው። መጠጥ ሰማይ ላይ ይበልጥ ያሰክራል ሲባልም ይሰማል።

የአውሮፕላን ውስጥ የአየር ግፊት የሚስተካከለው ቢበዛ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ነው። ቦሌ ራሱ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ከዚያ የሚነሳ ተጓዥ ለውጡ እምብዛም አይሰማውም።

ይልቁንም አሳሳቢው ድርቀት ነው። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ደረቅ ነው፤ አልኮል ደግሞ ሽንትን በማብዛት የሰውነትን ውኃ ይቀንሳል። በመሆኑም ቀለል ያለ ምግብና ውኃ ይመረጣል።

አየር መንገዶች የሰከረ መንገደኛን ያለማሳፈር መብት አላቸው። እንደ ኩዌት አልኮል በተከለከለባቸው ሀገራት ሰክሮ መድረስም ለእስር ሊዳርግ ይችላል። ለሥራ ወደ ዓረብ ሀገራት የሚያቀኑ ወገኖች የመዳረሻቸውን ሕግ አስቀድመው ማወቅ ይኖርባቸዋል።