«በዶላር ይሁንልዎ?» የምትለዋ ጥያቄ

ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ስለ ምንዛሬ ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ወደ አገር ቤት ስለምንልከው ገንዘብ ነው። የትኛው ይሻላል፣ ዛሬ ጨመረ ወይስ ቀነሰ እያልን በሳንቲም እንከራከራለን። በሰው አገር ካርዳችንን ስናወጣ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ እንጃ!

ነገሩ ወዲህ ነው። ቪዛና ማስተርካርድ በየቀኑ የራሳቸውን የምንዛሬ ተመን ያወጣሉ። ተመኑ ባንኮች እርስ በርስ ከሚገበያዩበት ብዙም አይርቅም። በዚህ ላይ ካርዱን የሰጠን ባንክ «የውጭ አገር ግብይት ክፍያ» ብሎ ይጨምራል፤ አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ እስከ 3 በመቶ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ የታወቀ ነው። የሚያስከፋው ሳይጠራ የሚገባው ሦስተኛው እጅ ነው። ማሽኑ «በአገሩ ገንዘብ ነው ወይስ በዶላር?» ብሎ ሲጠይቅ ዶላር ካልን፣ የካርዱ ድርጅት ተመን ይቀርና ሻጩና የሻጩ ባንክ በፈለጉት ሒሳብ ይመነዝሩልናል።

ዱባይን እንውሰድ። ብዙዎቻችን ወደ አገር ቤት ስንሄድ እናልፍባታለን፣ የሰርግ ዕቃም እንሸምትባታለን። ድርሃም ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ድርሃም ተቆርጦ የተቀመጠ ስለሆነ «ገበያው ዋዠቀ» የሚል ሰበብ የለም። 1,000 ድርሃም ማለት 272.29 ዶላር ነው። ባንኩ 3 በመቶ ቢጨምርበት 280.46 ይሆናል። ሻጩ ግን አንዱን ዶላር በ3.45 ቢያሰላው 289.86 ይደርሳል። ይባስ ብሎ ብዙ ባንኮች ሻጩ ውጭ አገር እስካለ ድረስ ሒሳቡ በዶላር ቢመጣም 3 በመቷን አይተዉም። ያኔ 298.55 ከፈላችሁ ማለት ነው። ለአንድ ቀሚስ 26 ዶላር በከንቱ!

እኔ እዚያው ዴይራ አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ሳይጠይቀኝ ዶላር የሚለውን ተጭኖ ደረሰኝ ሲሰጠኝ አሰርዤ በድርሃም አስደገምኩት። «እንዲቀልልዎ ብዬ ነው» አለኝ። አብራኝ የነበረችው አክስቴ ደግሞ «አንተ ልጅ፣ ሰው ፊት አታካብድ» አለች። ይሉኝታችንን ያውቁታል እኮ!

አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ2020 ጀምሮ እንዲህ ያለው ምንዛሬ ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በስንት በመቶ እንደሚበልጥ ከመክፈላችሁ በፊት እንዲነገራችሁ ሕግ ያዛል። በየአገሩ እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት?

የአዲስ አበባው ነገር ለየት ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን እስኪደረግ ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ደግሞ እጥፍ ገደማ። የሆቴሉን ሒሳብ በካርድ የከፈለ ሰው በ57ቱ ነበር የሚሰላለት። ዳያስፖራው ካርዱን ከቦርሳው የማያወጣው ወዶ አልነበረም። ዛሬ ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም፤ ካርድ ግን እንደ ድሮው የሚያስፈራ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? መጀመሪያ፣ ከጉዞ በፊት የውጭ ግብይት ክፍያ የሌለው ካርድ ማውጣት ነው፤ ለተማሪዎችም የሚሆን አለ። ሁለተኛ፣ በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ አለማውጣት፤ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ዕቃ ከመለሳችሁ ገንዘቡ የሚመለሰው በተመለሰበት ቀን ተመን ስለሆነ ቢጎድል ወይም ቢተርፍ አትደነቁ።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ለወላጆቻችን እንንገራቸው። እኛ በሰጠናቸው ካርድ ሲገዙ፣ ማሽኑ ላይ የሚያውቁትን «ዶላር» የሚል ቃል ሲያዩ ደስ ብሏቸው ይጫናሉ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የአገሩ ገንዘብ።