የኮሊንግዉድ ቡድንና ሜዳው

በአውስትራሊያ፣ በተለይም በሜልቦርን ከተማ፣ ሕዝቡ «ፉቲ» እያለ የሚጠራው የኳስ ጨዋታ አለ። ይህ ጨዋታ እኛ ከምናውቀው የእግር ኳስ ይለያል። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በየወገኑ 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሱን በእግር መምታት ብቻ ሳይሆን በእጅ መያዝና በጡጫ መትቶ ማቀበልም ይፈቀዳል። ጨዋታው ከጥንት ጀምሮ በብርድ ወራት በክሪኬት ሜዳዎች ላይ ይካሄድ ስለ ነበረ ሜዳውም እንደ ኳሱ ሞላላ ነው።

የሜልቦርን ቡድኖች በመጀመሪያ የሰፈር ቡድኖች ነበሩ። ኮሊንግዉድ ከመሐል ከተማው አጠገብ የሚገኝ፣ የጫማ ፋብሪካ ሠራተኞችና ድኾች የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። የሰፈሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1892 ቡድን አቋቁመው የመጀመሪያ ግጥሚያቸውን ከካርልተን ጋር በቪክቶሪያ ፓርክ ሜዳ አደረጉ። ደጋፊው ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ወደ ሜዳው ይሄዳል፤ ተጫዋቹም ብዙውን ጊዜ ጎረቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1949 ቡድኑን ያሠለጠነው ጆክ ማክሄል ራሱ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በእርሱ ዘመን ቡድኑ ከ1927 እስከ 1930 በተከታታይ አራት ጊዜ ዋንጫ ወሰደ፤ ይህን ያህል ደጋግሞ በተከታታይ ያሸነፈ ሌላ ቡድን እስከ ዛሬ የለም።

ይሁን እንጂ ስለ ሜዳው ሲነገር የሚያኮራው ብቻ ተነግሮ አይቀርም። ኤፕሪል 17 ቀን 1993 የሴይንት ኪልዳ ቡድን በዚሁ ሜዳ አሸነፈ። ከተጫዋቾቹ አንዱ ኒኪ ዊንማር የአገሩ ጥንታዊ ነዋሪዎች ተወላጅ ነበር። ቀኑን ሙሉ በቆዳው ቀለም ሲሰድቡት ወደ ዋሉት የኮሊንግዉድ ደጋፊዎች ዞሮ ማልያውን ገልጦ ጥቁር ገላውን በጣቱ አመለከተ። ፎቶግራፉ በማግሥቱ በጋዜጣ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ ሊጉ በዘር መሳደብን የሚከለክል ደንብ አወጣ። ሰፈሩ የራሱን ልጆች እንደዚያ የሚወድበት ሜዳ ለሌላው የስድብ አደባባይ ሆኖ እንደ ነበረ የዚያ ፎቶግራፍ ተመልካች ሁሉ ያውቃል።

የሜዳው ዘመን ያበቃው በሌላ ምክንያት ነው። 100,000 ያህል ተመልካች የሚይዘው ታላቁ የሜልቦርን ክሪኬት ስታዲዮም ከትንሹ የሰፈር ሜዳ የበለጠ ገቢ ያስገኝ ስለ ነበረ ግጥሚያዎቹ ቀስ በቀስ ወደዚያ ተዛወሩ። ኦገስት 28 ቀን 1999 ቡድኑ የመጨረሻውን የሊግ ግጥሚያ በቪክቶሪያ ፓርክ አድርጎ በብሪዝቤን ላየንስ ተሸነፈ፤ በዚያ ዓመትም ከሁሉ በታች ሆኖ ጨረሰ። ሽማግሌዎቹ ደጋፊዎች ግን ያን ዕለት ያዘኑት በውጤቱ አልነበረም።

ሜዳው አልፈረሰም። አሮጌው ትሪቡን እንደ ቆመ ነው፤ የክለቡ የሴቶች ቡድንም ተጫውቶበታል። ግጥሚያ በሌለበት ቀን የሰፈሩ ሰው ይናፈስበታል፤ በአጠገቡ ያለው የባቡር ጣቢያም እስከ አሁን ቪክቶሪያ ፓርክ ተብሎ ይጠራል።