የሻወር ውሃ ማለስለሻ ገዝታችኋል? እንግዲያው ጨው አትንፈጉት!



ሰሞኑን በኢንቦክስ ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። አጻጻፉ ይለያይ እንጂ ፍሬ ነገሩ አንድ ነው። «ለልጄ ኤክዚማ ብዬ ሻወር ላይ የሚገጠም ሶፍትነር ገዛሁ። መጀመሪያ ሳሙናው ደህና አረፋ ያወጣ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ውሃው ተመልሶ ያው ሆነ። ተበላሽቶ ነው?» አንዳንዶቹ ደግሞ «ሶፍትነር ስለገጠምኩ የታዘዘለትን ቅባት አቁሜያለሁ» ብለው ይጨምራሉ። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ሁለተኛው ነው። ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

ጠጣር ውሃ ምንድነው?

ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ነው። ሳሙና አረፋ አላወጣ ይላል፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋገራል፣ የሻወሩ ቀዳዳ ይደፈናል። ድሬዳዋና መቀሌ ያላችሁ ይሄን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ የከርሰ ምድር ውሃችሁ የኖራ ድንጋይ እያሟሟ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ግን እንደ ሰፈሩ ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውሃ ለስላሳ ሲሆን፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ማዕድኑ በዛ ይላል። ስለዚህ ጓደኛችሁ ገዛች ብላችሁ አትግዙ፤ መጀመሪያ ውሃችሁን ፈትሹ።

ፍተሻው ቀላል ነው። በንጹህ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ያህል ውሃ ቅዱ፤ ተራ የልብስ ሳሙና በትንሹ ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ ጨምሩና ደህና አድርጋችሁ ናጡት። አረፋው ወፍራም ሆኖ ከሥሩ ያለው ውሃ ጥርት ካለ ለስላሳ ነው። አረፋው ትንሽ ሆኖ ውሃው ወተት ከመሰለ ጠጣር ነው። ፈሳሽ ዲተርጀንት በጠጣር ውሃም አረፋ ስለሚያወጣ ለዚህ ፍተሻ አይሆንም።

አንድ ነገር ላስምርበት፦ ጠጣር ውሃ መጠጣት ጎጂ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ለውሃ ጥጥርነት ከጤና አንጻር ያስቀመጠው ጣሪያ የለም።

ሶፍትነሩ ለምን «ይደክማል»?

ውስጡ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ። እንክብሎቹ ሶዲየም ተሸክመዋል፤ ጠጣር ውሃ ሲያልፍባቸው ካልሲየሙን ይዘው ሶዲየሙን ይለቃሉ። ሶዲየሙ ሲያልቅ ካልሲየሙ ዝም ብሎ ያልፋል። አልተበላሸም ማለት ነው፤ ባዶ ሆኗል። ብዙ የጨው ውሃ ስናሳልፍበት ደግሞ ካልሲየሙ ይባረርና ሶዲየሙ ቦታውን ይይዛል። «ቻርጅ ማድረግ» የሚባለው ይሄው ነው።

በስንት ቀኑ?

እስቲ እናስላው። አንድ ሊትር ሬዚን በአንድ ሙሌት ወደ 50 ግራም ጥጥርነት (በካልሲየም ካርቦኔት ሲለካ) ይይዛል እንበል። የእናንተ ሶፍትነር 2 ሊትር ሬዚን ካለው 100 ግራም ማለት ነው። ውሃችሁ በሊትር 300 ሚሊግራም ጥጥርነት ካለው፣ 330 ሊትር ገደማ ካለፈ በኋላ ይደክማል። አንድ ሰው በሻወር 50 ሊትር ቢጠቀም፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሻወር መሆኑ ነው። ሦስት ሰው በየቀኑ የሚታጠብበት ቤት ውስጥ በሁለት ቀን ያልቃል! «በወር አንዴ ይበቃል» ተብሎ የተሸጠላችሁ ካለ ሒሳቡን አሁን አይታችሁታል።

በዚሁ ሒሳብ፣ መዳፍ የምታክል «ባለ ብዙ ደረጃ ፊልተር» የሻወር ራስ ውሃ ታለሰልሳለች ማለት ዘበት ነው። እውነተኛ ሬዚን ቢኖራት እንኳ ገና ታጥባችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል። ክሎሪን ልትቀንስ ትችል ይሆናል፤ ካልሲየም ግን አትነካም።

አሞላሉ ደረጃ በደረጃ

የዕቃችሁ መመሪያ ካለ እሱን ተከተሉ። ከሌለ አጠቃላይ አካሄዱ እንዲህ ነው፦

1. የኤሌክትሪክ ሻወር ካላችሁ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ከዚያ ውሃውን ዘግታችሁ ሶፍትነሩን ከመስመሩ ፍቱት። የጨው ውሃ በፍጹም በማሞቂያው ውስጥ ማለፍ የለበትም፤ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፣ ብረቱንም ይበላል።

2. ለአንድ ሊትር ሬዚን 150 ግራም ያህል ጨው አስቡ። ለ2 ሊትር ሬዚን 300 ግራም ጨው በ3 ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ አሟሙ። ተራው የታሸገ የገበታ ጨው ይበቃል፤ አዮዲኑ ችግር የለውም። አሞሌና አፈር ያለበት ጥሬ ጨው ግን ይቅር፤ ዝቃጩ ሬዚኑን ይደፍነዋል።

3. የጨውን ውሃ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፍጅ። ችኮላ ጨው ማባከን ነው፤ ሬዚኑ ልውውጡን የሚያደርገው ጊዜ ሲያገኝ ነው።

4. በንጹህ ውሃ አጣሩት፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በፍጥነት። የሚወጣውን በምላስ ጫፍ ቀምሳችሁ ትፉት። ጨው ጨው ማለቱን ሲያቆም አልቋል። ያለቀውን የጨው ውሃ አትክልት ላይ አትድፉ፣ ያደርቀዋል።

5. የሳሙናውን ፍተሻ ድገሙ። አረፋ ካለ መልሳችሁ ግጠሙት።

በደንብ ጨው ጠጥቶም አረፋ አላወጣ ካለ፣ ሬዚኑ አርጅቷል ወይም በዝገት ተሸፍኗል፤ የሚቀየረው ያኔ ነው።

እንክብካቤው

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ፣ መጀመሪያ የሚመጣውን ደፍራሽ ውሃ በሌላ ቧንቧ አፍስሱት። ጭቃና ዝገት የሬዚን ጠላት ነው። ሮቷችሁንም በየጊዜው አጽዱ።

በረኪና ውስጡ አትጨምሩ፤ ክሎሪን ሬዚኑን ይሰብረዋል። የተደፈነ የሻወር ራስ ግን ነቅላችሁ በአቼቶ ዘፍዝፉት፣ ኖራው ይለቃል።

ለሳምንታት ክፍለ ሀገር ከከረማችሁ፣ እርጥብ ሬዚን ውስጥ ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል። ስትመለሱ ውሃ በደንብ አፍስሱበትና እንደገና ጨው ስጡት። ደግሞም አትርሱ፣ ሶፍትነር ጀርም አይገድልም።

ከሻወሩ በጀሪካን ቀድታችሁ አትጠጡ። 300 ሚሊግራም ጥጥርነት ያለው ውሃ ሲለሰልስ በሊትር ወደ 140 ሚሊግራም ሶዲየም ይጨመርበታል። በተለይ ለሕፃን የዱቄት ወተት ማሟሚያ አይሁን፤ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውም አይጠጣው።

ወደ ቆዳው እንምጣ

ጠጣር ውሃ ቆዳ ላይ ምንም አያደርግም አልልም። ሳሙናው በደንብ ስለማይለቅ ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ያደርቃል፣ ያሳክካል። ጠጣር ውሃ ባለበት አካባቢ በሚያድጉ ልጆች ላይ ኤክዚማ በዛ ብሎ እንደሚታይ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ታዲያ ሶፍትነር ያድናል ወይ? በእንግሊዝ አገር 336 ኤክዚማ ያለባቸው ልጆች ላይ የተሠራና በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት ነበር። ግማሾቹ ከተለመደው ሕክምናቸው ጋር ሶፍትነር ተገጠመላቸው፣ ሌሎቹ በሕክምናው ብቻ ቀጠሉ። ከ12 ሳምንት በኋላ ማን ሶፍትነር እንዳለው የማያውቁ ነርሶች ሲመረምሯቸው፣ በሕመሙ ክብደት ላይ ልዩነት አልተገኘም። ወላጆች ግን ትንሽ መሻሻል አየን ብለው ነበር፤ እነሱ መሣሪያው እቤታቸው እንዳለ ያውቁ ነበር።

ስለዚህ ሶፍትነር ለምቾት፣ ለሳሙና ቁጠባና ለማሞቂያችሁ ዕድሜ ጥሩ ነው። የኤክዚማ መድኃኒት ግን አይደለም። ቅባቱን አቁማችሁ በሶፍትነር ብቻ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እያከከ የሚያድረው በከንቱ ነው። የታዘዘውን ሐኪሙ ባለው መሠረት መልሳችሁ ጀምሩ።

ለቆዳው የሚጠቅመው ርካሽ ነው፦ ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መታጠብ፤ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና፣ እሱም በትንሹ፤ በፎጣ ሳይፈትጉ እርጥበቱን መምጠጥ፤ ከዚያ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት በደንብ መቀባት። ሶፍትነር ያለውም የሌለውም ቤት ይሄን ማድረግ ይችላል።

ቁስሉ ውሃ ከቋጠረ፣ ቢጫ ቅርፊት ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ልጁ እንቅልፍ ካጣ ግን ጊዜ ሳትሰጡ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሶፍትነር ለገዛ ወይም ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ የሰፈራችሁን ውሃ ፈትሻችሁ አረፋ አወጣ አላወጣም የሚለውንም ጻፉልኝ።