የፓይን ቅርፊት ገበያ፦ ዋጋ የሚከፈለው ለዛፉ ነው ለስሙ?

በመሰንጠቂያ ቤት ቅርፊት ማለት ትራፊ ነው። ግንዱ ጣውላ ይሆናል፤ ቅርፊቱ ወይ ይማገዳል ወይ አትክልት ሥር ይነሰነሳል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ላንድ በሚባለው አካባቢ ግን ነገሩ ለየት ይላል። አንድ ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ከሚሸፍነው የፓይን ደን ከሚላጠው ቅርፊት ከፊሉ ፋብሪካ ገብቶ ቀላ ያለ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ዱቄቱ በእንክብል ታሽጎ «ፒክኖጄኖል» በሚል የንግድ ስም ሲሸጥ፣ በኪሎ ሲሰላ ጣውላው አጠገቡ አይደርስም።

እዚህ ላይ የስም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኛ ሰው «ጥድ» ሲል የሚያስበው የሐበሻውን ጥድ ወይም የፈረንጁን ጥድ ነው፤ ሁለቱም ፓይን አይደሉም። ፓይን በኢትዮጵያ በተፈጥሮ አይበቅልም። በተከላ ደኖቻችን የሚታዩት ፓቱላና ራዲያታ ከውጭ የመጡ ዝርያዎች ናቸው። ከራዲያታ ቅርፊት ኒውዚላንዶች «ኤንዞጄኖል» የተባለ ተመሳሳይ ምርት ያወጣሉ።

ገበያው የሚከፍለው ቅርፊቱ ውስጥ ላሉት ፌኖሊክ ውህዶች ነው። ዛፉ የሚያዘጋጃቸው ለራሱ መከላከያ፣ ሻጋታና ነፍሳት እንዳይበሉት ነው። ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ፤ የጠነከረ ሻይ ምላስን የሚያደርቀውም በዚሁ ባሕርይ ነው። በግንዱ እምብርት ውስጥ ደግሞ ፒኖሲልቪን የሚባል ሌላ ፌኖል አለ። ስዊድናዊው ኬሚስት ሆልገር ኤርትማን እ.ኤ.አ. በ1939 ይህን ለይቶ ሲያወጣ፣ የወረቀት ፋብሪካዎችን ሲያስቸግር የኖረ ጥያቄ ተመለሰ። የፓይን እምብርት በሰልፋይት ዘዴ ሲቀቀል አልፈታ የሚለው፣ ፌኖሉ እንጨቱን ከሚያያይዘው ሊግኒን ጋር ስለሚቆራኝ ነበር። ስለዚህ ሰልፋይት ፋብሪካዎች ስፕሩስ የተባለውን ዛፍ ሲሻሙ፣ ፓይን በሰልፌት ዘዴ ለሚሠሩት ቀረ። አንድ ሞለኪውል የእንጨት ገበያን ለሁለት ከፍሏል ማለት ይቻላል።

የቅርፊቱን ንግድ መሠረት የጣለው የቦርዶው ተመራማሪ ዣክ ማስክሊዬ ነው። በ1940ዎቹ ሥራውን የጀመረው ግን በፓይን ሳይሆን በኦቾሎኒ ቀይ ልጣጭ ነበር። ፕሮሲያኒዲን የሚባሉትን ውህዶች በኋላ ከፓይን ቅርፊትና ከወይን ዘርም አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካ ፓተንት አገኘ። «ፒክኖጄኖል» የሚለው የንግድ ምልክት ባለቤት ግን ሆርፋግ ሪሰርች የተባለው ኩባንያ ነው። ኩባንያው ስሙን የሚጠብቀው በጠበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ 9ኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ስሙን ያለ ፈቃድ በድረ ገጹ ላይ ደንበኛ መሳቢያ ባደረገ ሻጭ ላይ ፈርዶለታል። ፓተንት ዕድሜው ተቆጥሮ ያልቃል፤ የንግድ ምልክት ግን እየታደሰና እየተሠራበት ይኖራል። ለነጋዴ ትልቁ ሀብት የትኛው እንደሆነ ከዚህ መገመት አያዳግትም።

ሻጮች የሚወዱት አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1535 ክረምት ፈረንሳዊው መርከበኛ ዣክ ካርቲዬ ካናዳ ውስጥ በበረዶ ተይዞ ሰዎቹ በስከርቪ ሲረግፉ፣ የአገሬው ሰዎች ባሳዩት የዛፍ ቅርፊትና ቅጠል ውሃ የተረፉት ዳኑ። ታሪኩ እውነት ነው። ዛፉ ፓይን ለመሆኑ ግን ማስረጃ የለም፤ ስከርቪን የሚያድነውም ቫይታሚን ሲ እንጂ ፕሮሲያኒዲን አይደለም።

ታዲያ እንክብሉ ይሠራል? በብልቃጥ ውስጥ ውህዶቹ ፍሪ ራዲካል የሚባሉትን ጎጂ ቅንጣቶች ያመክናሉ። ከብልቃጥ እስከ ደም ሥር ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግቦችን ፀረ ኦክሲዳንት ኃይል በቁጥር ያሰፈረበትን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2012 ከድረ ገጹ ያነሳው፣ ቁጥሩ በሰው አካል ላይ ያለውን ውጤት ስለማያሳይና ሻጮች ለማስታወቂያ ስላዋሉት ነው። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምገማ፣ በ10 ሥር የሰደዱ ሕመሞች ላይ የተደረጉ፣ 1,641 ሰዎችን ያካተቱ 27 ሙከራዎችን አይቶ ቁርጥ ያለ ድምዳሜ ላይ መድረስ እንደማይቻል ገልጿል። ሙከራዎቹ ትንንሽ ናቸው። ያም ሆኖ እንክብሉ በአሜሪካ መደርደሪያ ላይ መቆሙ አያስገርምም፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ የምግብ ማሟያ ከመሸጡ በፊት ፈዋሽነቱ እንዲረጋገጥ አያስገድድም።

ለአስመጪ ግን ከፈዋሽነቱ ክርክር የሚቀድም ጉዳይ አለ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በርበሬ ላይ ሸክላ የሚቀላቅል መኖሩን ለመርካቶ ሰው መንገር አያስፈልግም። የፓይን ቅርፊት ዘመድ በሆነው በወይን ዘር ንግድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ ከመረመራቸው 21 የንግድ ናሙናዎች 6ቱ በአብዛኛው የኦቾሎኒ ልጣጭ ሆነው አግኝቷቸዋል። ማስክሊዬ የጀመረበት ርካሽ ልጣጭ በሌላ ስም ተመልሶ መምጣቱ ነው። የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ለባሕር ዳሩ ፓይን ቅርፊት ከ65 እስከ 75 በመቶ ፕሮሲያኒዲን የሚል ደረጃ ቢያስቀምጥም፣ ተራ የቀለም ምርመራ የኦቾሎኒውንም ፕሮሲያኒዲን ብሎ ያሳልፈዋል። በኦቾሎኒው ውስጥ የሚበዛው «ኤ»፣ በፓይኑ ውስጥ ያለው «ቢ» የሚባለው ዓይነት መሆኑን የሚለየው ክሮማቶግራፊ ነው። የምርመራውን ወረቀት ሳያይ የሚገዛ አስመጪ፣ ኦቾሎኒ ለማይስማማው ደንበኛ አለርጂ የሚቀሰቅስ እንክብል ሊሸጥ ይችላል።